ዜሮ ያመጣው ማን ነው?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ብሂል ስለ ዓባይ ቢነገርም ለአዋሽም ልጅ እንደሚሠራ ያስተዋልኩት በ2018 ዓ.ም. መስከረም ወር ውስጥ ነው። ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ከቆቃ ግድብ በታች፣ በአዋሽ ዳር የተቆረቆረች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ አለመጥራቴም ከይሉኝታ ሳይሆን እርሷን የሚመስሉ ከተሞች እጅግ ብዙ በመሆናቸው ነው። አንባቢው በባሮ ወይም በዋቢ ሸበሌ ዳር ያለችውን የራሱን ከተማ በቦታዋ ቢተካ ታሪኩ እምብዛም አይለወጥም።

አዋሽ ለዚህች አገር ያልሰጠው ነገር ጥቂት ነው። በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የቆመው በእርሱ ውኃ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውና 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ቆቃ፣ እርሱን ተከትለው የመጡት እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት፣ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ብርሃን ያቀበሉት ከዚህ ወንዝ ነው። ሸንኮራው፣ አትክልቱ፣ ፍራፍሬው ይህን ውኃ ጠጥቶ ነው ወደ ትልልቆቹ ገበያዎች የሚጫነው። እንግዲህ ወንዙ ይህን ሁሉ ሲሰጥ፣ በወንዙ ዳር ለተወለደው ልጅ ከአገሩ ምን ተመለሰለት ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንም።

መልሱ በከተማችን ብቸኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። የ2017 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነበር። ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ፤ ዜሮ። ርእሰ መምህሩ እንደነገሩኝ ባለፉት አራት የፈተና ዓመታት ትምህርት ቤቱ ማሳለፍ የቻለው ሁለት ተማሪዎችን ብቻ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት ያለፉ ናቸው። እኔ ራሴ በ1990 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትኜ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ከዚሁ ግቢ ነው። ያን ጊዜም ትምህርት ቤቱ ድኻ ነበር፤ ነገር ግን በር ነበረው። ዛሬ ግድግዳ ብቻ ሆኗል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ጉዳዩ የአንዲት ከተማ ለቅሶ እንዳይመስል፣ በይፋ የተነገሩትን አገር አቀፍ ቁጥሮች እንይ። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች ያለፉት 27,267፣ ማለትም 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. ከ674,823 ተፈታኞች 36,409 አለፉ፤ 5.4 በመቶ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929 አለፉ፤ 8.4 በመቶ። በ2015 ዓ.ም. ተማሪ ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ፣ ማለትም ከመቶ አርባ ሦስት ያህሉ አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ይህን የቁጥር ሰልፍ «የመሻሻል ጉዞ» አድርገው የሚያቀርቡ ባለሥልጣናት አሉ። ከ3.3 ወደ 8.4 መውጣት መሻሻል አይደለም አልልም። ነገር ግን የላይኛውን ቁጥር ሲያሳዩን የታችኛውን በእጃቸው እየከለሉ ነው። በ2014 እና በ2017 ዓ.ም. መካከል ያለፉት በ19,020 ሲጨምሩ፣ ለፈተና የተቀመጡት በ310,638 ቀንሰዋል። በ2017 ዓ.ም. ያለፉትን ለ2014 ዓ.ም. የተፈታኝ ቁጥር ብናካፍላቸው የምናገኘው 5.5 በመቶ እንኳ የማይሞላ ነው። የተፈታኙ ቁጥር ያሽቆለቆለበት ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ጦርነት አለበት፣ ስደት አለበት፣ ተስፋ መቁረጥም አለበት። ይሁንና ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ወጣት ከቆጠራው ሲወጣ «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ መግለጫ ሊኖር ይገባ ነበር። በሽተኞቹ ከሆስፒታሉ ስለወጡ የሟቾች መጠን ቀነሰ የሚል ሐኪም እንዴት ይታመናል?

እውነቱን ለመናገር

ተቃራኒውን ክርክር ሳላቀርብ ማለፍ ፍትሐዊ አይሆንም። ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስቴርን መምራት ከጀመሩበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ መደረጉን፣ የማለፊያው ነጥብም ሃምሳ ከመቶ እንዲሆን መወሰኑን እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት የነበረው ነውር ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ በየስልኩ ሲዞር መንግሥት ራሱ ሰርዞ እንደገና ለመስጠት መገደዱን አንረሳም። መምህር ለተማሪ መልስ የሚያቀብልበት፣ የወረዳ ሹም «የእኛ ልጆች እንዳይበለጡ» ብሎ በር የሚጠብቅበት ዘመን ነበር። እኔ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ በከፍተኛ ውጤት ገብተው አንድ አንቀጽ አንብበው ጭብጡን መናገር የተሳናቸውን ተማሪዎች ተቀብያለሁ። ስለዚህ ውሸቱ መቆሙ መልካም ነው። ለዚህ ሚኒስትሩ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን ቴርሞሜትር መድኃኒት አይደለም። ትኩሳቱን በትክክል ለካን ማለት በሽተኛውን አከምን ማለት አይደለም። ባለፉት ዓመታት የሆነው ግን ይኸው ነው፤ በየመስከረሙ ትኩሳቱ ይለካል፣ በቴሌቪዥን ይነገራል፣ ሕዝቡ ይደነግጣል፣ ከዚያ በሽተኛው ወደዚያው ወደ ታመመበት ቤት ይመለሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የትኩሳቱ ጥፋት በራሱ በበሽተኛው ላይ መላከኩ ነው። «ትውልዱ ማንበብ አይወድም»፣ «ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ናቸው»፣ «በኩረጃ የለመደ ነው» ይባላል። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ምክንያቱን በተማሪው ዘንድ መፈለግ ያስኬዳል። አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ የሚያጠናውም የማያጠናውም ባንድነት ሲወድቅ ግን፣ የተፈተነው ተማሪው አይደለም፤ የተፈተነው ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው፣ በጀቱን የያዘው፣ መምህሩን የቀጠረው አካል ነው። ዜሮ ያመጣውም እርሱ ነው።

ግቢው ውስጥ ያየሁት

የትምህርት ቤታችንን ግቢ ከርእሰ መምህሩ ጋር ዞርኩ። በዋናው መንገድ በኩል ያለው አጥር ፈርሶ በአዲስ መልክ ተሠርቷል፤ የመንገዱ ዳር ኮሪደር ልማት እኛም ከተማ ደርሷልና። ቀለሙ ያማረ ነው፤ ማታ ማታ የሚበሩ መብራቶችም ተተክለውለታል። ከአጥሩ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። «ላቦራቶሪ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ክፍል ውስጥ የተሰባበሩ ዴስኮች ተከምረዋል። ርእሰ መምህሩ በሩን ከፍተው ሲያሳዩኝ እንደማፈር ብለው «ዶክተር፣ እርስዎ በነበሩበት ጊዜ የነበሩት ብልቃጦች እንኳ የሉም» አሉኝ።

በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ ከብረት የተሠሩ ባዶ ሣጥኖች ተሰቅለዋል። ከ1997 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በሳተላይት ትምህርት ይሰጥባቸው የነበሩት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ማኖሪያ ነበሩ። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ያልፋል፤ ተማሪው ይመለከታል፤ መምህሩ ከሳጥኑ ጎን ቆሞ ይመለከታል። የመምህር እጥረት በማሽን ይሞላል የተባለበት ዘመን ነበር። ማሽኖቹ አርጅተው ወደቁ፤ የመምህሩ እጥረት ግን ዛሬም አለ። ትምህርት ቤታችን ባለፈው ዓመት ለወራት የፊዚክስ መምህር አልነበረውም። ሲመጣም የመጣው አንድ ሰው ለአራት የክፍል ደረጃዎች ነው።

መጽሐፍስ? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ክፍል ሲገባ የታተመ መጽሐፍ አብሮት አልደረሰም። «በሶፍት ኮፒ አለ» ተባለ። በሶፍት ኮፒ አለ ማለት ስማርት ስልክ ላለው አለ ማለት ነው። ከወንዙ ማዶ ካሉት ቀበሌዎች መጥቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ከቤቱ ይዞት በመጣው ስንቅ ሳምንቱን የሚገፋ ልጅ ግን ስልኩን ከየት ያመጣል? ይኸው ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ይሆንበታል። እንግሊዝኛውን ያስተማሩት መምህራን ራሳቸው ያልተማሩት ቋንቋ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተወሰኑት ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒውተር እንዲወስዱ ተደርጓል። አሠራሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን ኮምፒውተርን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተና ቀን የሚነካ ልጅ ምኑን እንደሚፈተን የሚነግረኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

መምህራኑም ቢሆኑ የሚወቀሱ አይደሉም ባይባልም ከመውቀስ በፊት ኑሯቸውን ማየት ይገባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃው ዋጋ ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የጀማሪ ባለ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ መደረጉ በጎ ነገር ነው። ሆኖም ይህ ደመወዝ በትልቅ ከተማም በወንዝ ዳር ከተማም አንድ ነው። በትልቅ ከተማ ያለ መምህር በትርፍ ሰዓቱ ያስጠናል፣ የግል ትምህርት ቤት ያስተምራል። በወንዝ ዳር ከተማ ያለው ግን የቤት ኪራይ፣ ወባና ደመወዙ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ይሄዳል። የሚሄደውም የተሻለው ነው።

ሴክተር ሪቪው በጓሮ በር

ታሪክ የሚወዱ አንባብያን «ሴክተር ሪቪው» የሚባለውን አይረሱትም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ የተዘጋጀው ያ የትምህርት ጥናት ለብዙኃኑ ልጆች አጭር መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ፣ ወደ ላይ የሚወጡትን ቁጥር እንዲገደብ የሚያደርግ ሐሳብ ይዞ ነበር። ሐሳቡ ይፋ ሲሆን መምህራንና ወላጆች «የድኻው ልጅ ድኻ ሆኖ እንዲቀር የተፈረደበት ፍርድ ነው» ብለው ተነሡ። የካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራኑ ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ዕቅዱን ለማዘግየት ተገደደ። ለአብዮቱ መፈንዳት ምክንያት ከሆኑት አንዱም ይኸው ነበር።

በእኔ እምነት ዛሬ የሚሆነው ያ ሴክተር ሪቪው በጓሮ በር መግባቱ ነው። ያን ጊዜ ቢያንስ ሐሳቡ በወረቀት ሰፍሮ፣ በስሙ ተጠርቶ ለክርክር ቀረበ። ዛሬ ግን ማንም «የወንዝ ዳር ልጅ ዩኒቨርሲቲ አይግባ» ብሎ አልጻፈም፤ ስለዚህ ማንም የሚቃወመው ወረቀት የለም። ሁሉም ልጅ በእኩልነት አንድ ዓይነት ፈተና ይቀርብለታል፤ አንዱ ላቦራቶሪ፣ ቤተ መጻሕፍትና አስጠኚ ካለው ቤት ይመጣል፤ ሌላው ከባዶ ሣጥን ሥር ይመጣል። ውጤቱ ሲነገር ያ ሴክተር ሪቪው ካሰበው በላይ የጠበበ በር ሆኖ እናገኘዋለን። ልዩነቱ የ1966ቱ ወላጅ መንግሥትን መውቀሱ፣ የዛሬው ወላጅ ግን ልጁን እንዲወቅስ መማሩ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ከትምህርት ቤቱ ስወጣ አንዲት እናት መንገድ ላይ አስቆሙኝ። ልጃቸው ከክፍሏ አንደኛ ስትወጣ የኖረች ናት፤ በፈተናው ግማሽ አልሞላላትም። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ጎበዝ መስላኝ ነበር፤ ለካስ ስታታልለኝ ኖራለች» አሉኝ። ልጅቱ አጠገባቸው ቆማ መሬት መሬት ታያለች። እርሷ ማንንም አላታለለችም። በተሰጣት ነገር ውስጥ አንደኛ ወጣች፤ የተሰጣት ነገር ነው ባዶ የነበረው። ለእናቲቱ ይህን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ የተረዱኝ ግን አይመስለኝም። አንድ መንግሥት በአንዲት እናትና በልጇ መካከል ያለውን መተማመን ሳይቀር በራሱ ጉድለት ሲያፈርስ፣ ይህን በየትኛው የመቶኛ ስሌት እናስገባው?

የአዳሪው መንገድና የማካካሻው መንገድ

ሚኒስቴሩ መፍትሔ የለውም አይባልም። ሁለት መንገዶች ይጠቀሳሉ። አንደኛው የተመረጡ ተማሪዎችን የሚያስተምሩ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችን ማስፋፋት ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጥሩ ውጤት ማምጣታቸው እውነት ነው፤ እውነቱ የሚያረጋግጠው ግን የእኔን ነገር ነው። ልጁ ያው የገበሬ ልጅ ነው፤ ምግብ፣ መኝታ፣ መጽሐፍና መምህር ሲያገኝ ያልፋል። እንግዲያው «ትውልዱ» የሚባለው በሽታ የት ገባ? በተጨማሪም ከየወረዳው ጎበዙን መርጦ መውሰድ ለተወሰደው በረከት ቢሆንም ለቀረው መርዶ ነው። ከወተቱ ላይ ስልባቦቱን ገፍፎ ወስዶ፣ የቀረውን «ለምን ቀጠንክ?» ማለት ፍርድ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ ማለፊያውን ያላገኙ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ለወራት የሚማሩበት የማካካሻ ትምህርት፣ «ሬሜዲያል» የሚባለው ነው። በዚህ መርሐ ግብር አስተምሬያለሁ፤ አልንቀውም። ነገር ግን በአራት ዓመት ያልተሰጠን ነገር በጥቂት ወራት ለመስጠት መሞከር፣ ያውም ምግብና መኝታ ተከፍሎበት፣ ሒሳቡ የማይገባ ነው። ያው ገንዘብ በጊዜው ወደ ወንዝ ዳሩ ትምህርት ቤት ቢወርድ ኖሮ አንድ መምህር ያቆይ፣ አንድ ላቦራቶሪ ያስነሣ ነበር።

«ገንዘብ የለም፤ አገር በጦርነት ቆስላለች» የሚለውን መልስ እሰማለሁ። ቁስሉን አልክድም። ሆኖም የትምህርት ቤቱን አጥር አስውቦ ውስጡን የተወ ገንዘብ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥያቄው ገንዘብ መኖሩ አለመኖሩ ሳይሆን ዓይን የሚያርፍበት የት ነው የሚለው ነው። በ«ትምህርት ለትውልድ» ዘመቻ ወላጁ ካለው ላይ ቀንሶ እንዲያዋጣ ተጠይቆ አዋጥቷል። ያዋጣ ሕዝብ ሒሳብ የመጠየቅ መብት አለው።

ምን ይደረግ?

ወቀሳ ብቻ ይዞ መለያየት ስለማልወድ ሦስት ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛ፣ በየዓመቱ የአንድ ትምህርት ቤት ውጤት ሲነገር፣ ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ስንት መምህራን እንደጎደሉት፣ ስንት ተማሪ በአንድ መጽሐፍ እንደተማረ፣ ላቦራቶሪ ይኑረው አይኑረው አብሮ ይነገር። የተማሪው ውጤት በአደባባይ ከተለጠፈ የመንግሥት ውጤት ከጎኑ የማይለጠፍበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛ፣ ዜሮ ማምጣት የውርደት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የበጀት ማዘዣ ይሁን። ሁለት ዓመት በተከታታይ አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት በቀጣዩ ዓመት መምህርና መጽሐፍ ቀድሞ የሚደርሰው፣ መምህራኑም መኖሪያ ቤትና የቦታ አበል የሚያገኙበት ደንብ ይውጣ። ዛሬ ያለው ሥርዓት ለጠገበው የሚጨምር ነው።

ሦስተኛ፣ ከሩቅ ለሚመጡ ተማሪዎች፣ በተለይም ለሴቶች ልጆች፣ በየትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ቀለል ያለ ማደሪያ ይሠራ። ክረምት ገብቶ አዋሽ ሲሞላ ማዶ ያሉት ልጆች መስከረምን በከፊል ቤታቸው ያሳልፋሉ። ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት አላልኩም፤ አራት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ፣ አምፖልና አንዲት ጠባቂ ነው ያልኩት።

እነዚህ ነገሮች ተአምር አይደሉም። ሆኖም ከመግለጫ ይልቅ ሥራ፣ ከአጥር ይልቅ ክፍል የሚያስቀድም ልብ ይፈልጋሉ። እኔ በአዋሽ ዳር ተምሬ ዶክተር ለመባል የበቃሁት ከዛሬዋ ልጅ ስለበለጥኩ አይደለም። መንገድ ላይ አንገቷን ደፍታ ያየኋት ልጅ በእኔ ጊዜ ብትወለድ ኖሮ ዛሬ ይህን የምትጽፈው እርሷ ልትሆን ትችል ነበር። ይህ ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ በሚመልሰኝ መኪና ውስጥ አብሮኝ ተሳፍሮ ነበር፤ እስካሁንም አልወረደም።

በሚቀጥለው መስከረም ደግሞ ቁጥሩ ይነገራል። ምናልባት አሥር በመቶ እንሆን ይሆናል፤ ጭብጨባም ይኖራል። ያን ጊዜ ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፤ ዜሮ ያመጣው ማን ነው?

ልብ ይስጠን። ቸር ይግጠመን።